ስለ እንቅርትና ስለ ድምፅ ነርቮች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገርበትን ነገር እንድመርጥ በተነገረኝ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ጠፈር ጉዞ፣ ሌሎቹም ስለ ጥንት ጀግኖች ብናገር የተሻለ እንደሚሆን መክረውኝ ነበር። እኔ ግን ሩቅ ሳልሄድ፣ ምናልባትም ከዚህ አዳራሽ ሳልወጣ የማገኘውን ነገር መረጥሁ። ይኸውም እንቅርት ነው። ከእንቅርትም ይልቅ እንቅርት በኦፕራሲዮን በሚወጣበት ጊዜ የሰው ድምፅ እንዳይጠፋ ስለሚደረገው ጥንቃቄ ለመናገር አስቤአለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። አባቶቻችን በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ ይህን መተረታቸው በሽታው በአገራችን ምን ያህል የቆየና የተለመደ እንደ ሆነ ያስረዳል፤ ሕዝብ ለማያውቀው ነገር ተረት አያወጣለትምና። በገበያ ቀን በወልድያ ወይም በመርሳ መንገድ ዳር ቆሞ ከደጋ የሚወርዱትን እናቶች ያስተዋለ ሰው ነጠላቸውን ለብርድ ሳይሆን አንገታቸውን ለመሸፈን የሚጠመጥሙ ብዙዎች መሆናቸውን ያያል። በአያቶቻችን አንገት ላይ የምናየውም ንቅሳት ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ለእንቅርት መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የታመነበት ጊዜ ነበር።

ይህን ነገር እንድመረምር ያስገደደኝ በቤተ ሰባችን የደረሰ ነገር ነው። የአባቴ እኅት የሚኖሩት ከመርሳ በላይ ባለው ደጋ ነው። አክስቴ በአገሩ ሁሉ የታወቁት በድምፃቸው ነበር። ከአንዱ ተረተር ሆነው ሲጣሩ በሌላው ተረተር ያለው እረኛ ይሰማቸው ነበር። በሠርግ ቤት ዘፈኑን የሚያወጡት፣ በለቅሶ ቤትም ሙሾውን የሚያወርዱት እርሳቸው ነበሩ። አንገታቸው ላይ የነበረው እንቅርት ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየገፋ ሄዶ፣ በመጨረሻ ተንጋለው መተኛት እስኪያቅታቸው ድረስ ትንፋሻቸውን ተጫነው። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ ገንዘብ አዋጥቶ በአንድ ሩቅ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ተደረጉ። እንቅርቱ ወጣ፤ ቁስሉም በደኅና ጠገገ፤ ድምፃቸው ግን አብሮአቸው አልተመለሰም። የምንጠይቃቸውን ሁሉ በሹክሹክታ ይመልሱልን ጀመር። ውሃ ሲጠጡም ትን ይላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ «እንቅርት የተቆረጠ ሰው ድዳ ይሆናል» የሚል ወሬ ተዛመተ። ወሬው ከማንም ይልቅ የተጎዳው ሰው ቤት ገባ ለማለት የምደፍረው እናቴም እንቅርት ስላለባቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሐኪም ይያቸው ብለን ብንለምናቸው «የእርስዋን አይቼ?» እያሉ እምቢ ብለውናል። ሌሊት ሲተነፍሱ የሚሰማውን ድምፅ የምሰማው እኔ ነኝ። እንግዲህ እኔ በዚህ ርእስ የምናገረው ዕውቀቴን ለማሳየት ሳይሆን፣ በእናቴና በሐኪሙ መካከል የቆመው ፍርሃት እውነት ይሁን ሐሰት ለይቼ ለማወቅ ስለ ፈለግሁ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እንቅርት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በአንገታችን ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የትንፋሽ ቧንቧን ከፊት አቅፎ የተቀመጠ፣ ክንፎቹን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። በጤነኛ ሰው ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው። ዕጢው ከደም ውስጥ አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እየለቀመ ታይሮክሲን የሚባል ቅመም ይሠራል። ይህም ቅመም ሰውነታችን ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናል፤ በማኅፀን ያለ ሕፃንም ያለ እርሱ አእምሮው በሚገባ አያድግም። አዮዲን በጎደለ ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለ ሌላ ዕጢ «ሥራህን ጨምር» እያለ በታይሮይድ ላይ ትእዛዙን ያበዛበታል። መሬቱ የደከመበት ገበሬ ምርቱ እንዳያንሰው ተጨማሪ መሬት እንደሚያርስ ሁሉ፣ ታይሮይድም የጎደለውን ለመሙላት እየሰፋ ይሄዳል። ይህ እብጠት ነው እንቅርት የሚባለው። የእንቅርት ምክንያት ይህ ብቻ አይደለም፤ ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ ወይም ካንሰር ሲነሣበት የሚያብጥበት ጊዜ አለ። በተራራማ አገር ግን ዋናው ምክንያት የአዮዲን ማነስ ነው፤ ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ወደ ባሕር ወስዶታልና።

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ። የሰው ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ውስጥ ካሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ነው። ስንናገር ይገጥማሉ፤ ስንተነፍስ ይከፈታሉ። እነዚህን አውታሮች የሚያዙት ነርቮች በቀኝ ሁለት በግራም ሁለት ሲሆኑ ሁሉም ቬገስ ከሚባለው ታላቅ ነርቭ የሚለዩ ቅርንጫፎች ናቸው። የላይኛው ቅርንጫፍ በአጭር መንገድ ወደ ማንቁርት ይመጣል፤ አውታሩን እንደ ክራር ጅማት አጥብቆ ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያወጣውን ጡንቻ የሚያዝ እርሱ ነው።

የሁለተኛው ነርቭ መንገድ ግን የሚያስገርም ነው። ከአንጎል ሲወርድ በማንቁርት አጠገብ እያለፈ አይገባበትም፤ ወደ ደረት ወርዶ፣ በግራ በኩል ከልብ በሚወጣው ታላቅ የደም ሥር ሥር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ክንድ በሚሄደው የደም ሥር ሥር ዞሮ፣ በትንፋሽ ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ባለው ስርጓዳ ሽቅብ ተመልሶ፣ ከታይሮይድ ጀርባ አልፎ ወደ ማንቁርት ይገባል። ስለዚህ ሐኪሞች ተመላሹ ነርቭ ይሉታል። ነገሩ ከመርሳ ተነሥቶ ወልድያ መሄድ የፈለገ ሰው ወልድያን አልፎ እስከ ቆቦ ደርሶ እንደገና ወደ ወልድያ ቢመለስ እንደ ማለት ነው። እንዲህ የሆነበት ምክንያት፣ ሕፃኑ በማኅፀን ገና አንገት ሳያበጅ ልቡ በራሱ አቅራቢያ ስለሚሆን፣ በኋላ ልብ ወደ ደረት ሲወርድ ነርቩን አብሮ ስለሚጎትተው ነው። በቀጭኔ ይህ ነርቭ ከ4 ሜትር በላይ ይረዝማል ይባላል፤ በሰው ግን ውፍረቱ ከጥጥ ፈትል ብዙም አይበልጥም።

እንግዲህ አስቡት። ዕጢውን የሚያወጣው ቀዶ ሐኪም ቢላዋውን ወይም መቆንጠጫውን የሚያሳርፍበት ስፍራና ይህ ፈትል የሚያልፍበት ስፍራ የሚራራቁት በሚሊ ሜትር ነው። እንቅርቱ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ነርቩን ከቦታው ገፍቶት ወይም ለጥጦት ይገኛል። ከዚህም በቀር ከመቶ ሰው በአንዱ ወይም ከዚያ ባነሰ ሰው የቀኙ ነርቭ ወደ ደረት ሳይወርድ በቀጥታ ከጎን ይገባል፤ በተለመደው ቦታ ብቻ የሚፈልግ ሐኪም ሳያውቀው ሊቆርጠው ይችላል። አንዱ ነርቭ ቢጎዳ ድምፅ ይሰልላል፤ ውሃም ትን ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢጎዱ ግን ነገሩ ከድምፅ ያልፋል፤ አውታሮቹ ሳይከፈቱ ስለሚቀሩ በሽተኛው መተንፈስ ያቅተውና በጉሮሮው ላይ ቀዳዳ እስኪከፈትለት ድረስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ ነርቭ ድምፅን የሚያዝ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየው በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን ነው። በሮም ከተማ በሕዝብ ፊት የሚጮኽ አሳማ አስሮ ነርቮቹን በቋጠረበት ጊዜ፣ አሳማው እየተወራጨ ድምፁ ጠፋ። የሰው ልጅ ይህን ካወቀ በኋላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በታይሮይድ ላይ በደኅና ኦፕራሲዮን ማድረግ አልቻለም ነበር፤ ዕጢው በደም ሥር የበለጸገ በመሆኑ በሽተኞቹ በደም መፍሰስና በቁስል መመረዝ ይሞቱ ነበር። የፊላደልፊያው ታዋቂ ሐኪም ሳሙኤል ግሮስ በ1866 ይህን ኦፕራሲዮን አስተዋይ የሆነ ሐኪም ሊሞክረው እንደማይገባ እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር።

መንገዱን የከፈተው እንደ እኛ ተራራማ በሆነችውና እንቅርት በበዛባት በስዊስ አገር፣ በበርን ከተማ ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ኮኸር ነው። ኮኸር በ1841 ተወልዶ በ1917 የሞተ ሲሆን በሕይወቱ ዘመን ከ5,000 በላይ የእንቅርት ኦፕራሲዮኖችን አድርጓል። ሥራውን በዝግታ፣ በንጽሕና፣ እያንዳንዱን የደም ሥር አስቀድሞ እየቋጠረ በማከናወኑ የሚሞቱት በሽተኞች ቁጥር ከመቶ ከአሥር በላይ ከነበረበት ወደ ከመቶ አንድ በታች ወረደ። ነገር ግን በ1883 የቀድሞ በሽተኞቹን ጠርቶ ቢመረምር ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ብዙዎቹ ሰውነታቸው አብጦ፣ አእምሮአቸው ደንዝዞ አገኛቸው። ከእነርሱም አንዲት በ11 ዓመቷ ኦፕራሲዮን የተደረገች ልጅ ከታናሽ እኅቷ አንሳ ቀርታ ነበር። ኮኸር ይህን ስሕተቱን አልደበቀም፤ ለዓለም ሐኪሞች ገልጾ ተናገረ። ታይሮይድ ለሰው ሕይወት ምን እንደሚሠራ በሰፊው የታወቀው ከዚህ ወዲህ ነው። በ1909 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። እኔ ከሽልማቱ ይበልጥ የማደንቀው የበደላቸውን ሰዎች መልሶ ጠርቶ ማየቱን ነው። ዛሬ ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ታይሮክሲንን በየቀኑ በክኒን እየወሰደ በጤና ይኖራል።

ሞት ሲቀንስ የነርቡ ጉዳይ ጎልቶ ታየ። በዚያ ጊዜ ሐኪሞች በሁለት ወገን ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን ነርቩን መፈለግ ራሱ ነርቩን መጉዳት ነው፤ ወደ እርሱ ባለመቅረብ ነው የሚጠበቀው ይል ነበር። ሁለተኛው ወገን ግን የት እንዳለ ያላየኸውን ነገር እንዴት ልትጠብቀው ትችላለህ ይል ነበር። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ሌሂ በ1938 ባወጣው ጽሑፍ በእያንዳንዱ ኦፕራሲዮን ነርቩን ፈልጎ ማግኘትና በዐይን ማየት እንደሚገባ አስረዳ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት የዚህ የሁለተኛው ወገን ትምህርት ነው። ጓደኞቼ ሆይ፣ በዚህ ውስጥ ለእኛም የሚሆን ትምህርት ያለ ይመስለኛል። የምንፈራውን ነገር ከማየት በመሸሽ አንጠበቅም፤ ያለበትን ቦታ ለይቶ በማወቅ እንጂ።

የላይኛውም ነርቭ ቢሆን አይናቅም። አሜሊታ ጋሊ ኩርቺ የተባለች በሚላኖ የተወለደች ዝነኛ ዘፋኝ በ1935 በቺካጎ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ከተደረገላት በኋላ ከፍ ያለው ድምፅዋ እንደ ጠፋ በሰፊው ተወርቷል። በኋላ የመረመሩ ሰዎች ግን ድምፅዋ ከዚያ በፊትም እየደከመ ነበር ብለው ተከራክረዋል። እውነቱ ማናቸውም ይሁን፣ የእርስዋ ታሪክ ሐኪሞች ለዚህ ቀጭን ነርቭ እንዲጠነቀቁ አድርጓል።

በዛሬው ጊዜ ጠንቃቃ የሆነ ቀዶ ሐኪም ነርቩን የሚጠብቅበትን መንገድ በአጭሩ ልግለጽ። አስቀድሞ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የድምፅ አውታሮቹን በመስተዋት ወይም በቀጭን መመልከቻ ያያል፤ እንቅርቱ ራሱ አንዱን ነርቭ አስቀድሞ አበላሽቶት ሊገኝ ይችላልና። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ከዕጢው ሽፋን ሳይርቅ ትንንሾቹን የደም ሥሮች አንድ በአንድ ይቋጥራል። ደም በድንገት ቢፈስ ሳያይ በመቆንጠጫ አይዝም፤ በጨርቅ ተጭኖ ይታገሣል፤ ብዙ ነርቮች የሚጎዱት በእንደዚህ ያለው ድንጋጤ ነውና። ነርቩን ፈልጎ ካገኘ በኋላ መንገዱን እስከ ማንቁርት መግቢያ ድረስ ይከተለዋል። ዕጢው ከትንፋሽ ቧንቧ ጋር በጠንካራ ጅማት የተያያዘበት ስፍራ ከሁሉ የሚያሰጋው ስለ ሆነ በዚያ ላይ ዕጢውን በኃይል አይስብም፤ በኤሌክትሪክ የሚተኩሰውንም መሣሪያ ወደ ነርቩ አያቀርብም፤ ሙቀቱ ሳይነካው ያቃጥለዋልና። የምስር ፍሬ የሚያህሉትን፣ የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩትንም አራት ዕጢዎች ለይቶ ያድናቸዋል፤ እነርሱ ቢጎዱ የበሽተኛው ጣቶችና ከንፈር ይደነዝዛሉ፤ ጡንቻውም ይኮማተራል።

ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ረዳት ተገኝቷል። የማደንዘዣው ባለሙያ በበሽተኛው ጉሮሮ በሚያስገባው የመተንፈሻ ቱቦ ላይ የድምፅ አውታሮቹን የሚነኩ ሽቦዎች ይኖራሉ። ቀዶ ሐኪሙ ፈትል የመሰለ ነገር ሲያገኝ በቀጭን ዘንግ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል። የተነካው ነርቩ ከሆነ አውታሩ ይንቀሳቀሳል፤ መሣሪያውም ይጮኻል። ከጋሌን አሳማ ጀምሮ የታወቀው ነገር በዚህ ጊዜ ለማዳን ዋለ ማለት ነው። በአንደኛው ጎን ሥራው ሲያልቅ ነርቩ የማይመልስ ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ሁለተኛውን ጎን ለሌላ ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ሁለቱ ነርቮች በአንድ ቀን እንዳይጎዱ። መሣሪያው ውድ በመሆኑ በሁሉ ስፍራ አይገኝም። ቢገኝም ዐይንንና የተለማመደ እጅን አይተካም፤ ያግዛል እንጂ። በአዲስ አበባ እንደ ጥቁር አንበሳና እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ባሉት ሆስፒታሎች የታይሮይድ ኦፕራሲዮን ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ በክፍላተ ሀገርም በልዩ ልዩ ሆስፒታሎች ይሠራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ቢሆን አደጋው ፈጽሞ አይጠፋም። ልምድ ባላቸው ሐኪሞች እጅ ድምፃቸው ለዘለቄታው የሚጎዳ ሰዎች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ናቸው፤ ለጊዜው የሚሰልልባቸው ከዚህ ይበዛሉ። ነርቩ ካልተቆረጠና ተጨንቆ ወይም ተስቦ ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ እስከ አንድ ዓመት ድረስም ተስፋ አይቆረጥም። አውታሩ ሽባ ሆኖ ቢቀር እንኳ በድምፅ ልምምድ፣ አውታሩንም ወደ መካከል በሚያቀርብ ሕክምና የሚሻሻልበት መንገድ አለ።

እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት የአክስቴን ሐኪም በልቤ እኮንነው ነበር። ዛሬ ግን ጥፋት ይሁን ወይም በጥንቃቄ መካከል የደረሰ አደጋ ይሁን እኔ ልፈርድ እንደማልችል ተረድቻለሁ። አንድ ነገር ግን አሁንም ያሳዝነኛል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት «ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል» ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ «ጠብቁ፣ ሊመለስ ይችላል» ብሎ ያጽናናቸው አልነበረም። በእርግጥም ከሰባት ወር በኋላ የአክስቴ ድምፅ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዛሬ እንደ ማንኛውም ሰው ይነጋገራሉ፤ ውሃም ትን አይላቸውም፤ ተንጋለውም ይተኛሉ። በሠርግ ቤት ግን ከፍ ያለውን ዜማ ለሌላ ሰው ትተው በጭብጨባ ብቻ ያጅባሉ። የድምፃቸው መጥፋት በየመንደሩ ተወርቶ ነበር፤ የድምፃቸው መመለስ ግን ማንም አላወራውም። ወሬ መጥፎውን ለማድረስ በፈረስ፣ ደጉን ለማድረስ በእግር ይሄዳል።

እንግዲህ እንቅርት ያለበት ሁሉ ኦፕራሲዮን ይደረግ ማለቴ አይደለም። ኦፕራሲዮን የሚያስፈልገው እንቅርቱ ትንፋሽን ወይም መዋጥን የሚከለክል ሲሆን፣ ካንሰር ሲያጠራጥር፣ ወይም በመድኃኒት የማይመለስ የዕጢ ሥራ መብዛት ሲኖር ነው። ይህን የሚወስነው የመረመረ ሐኪም ነው። ኦፕራሲዮን የታዘዘለት ሰው ግን እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ያለ ኀፍረት ሊጠይቅ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ኦፕራሲዮኑ የሚያስፈልገኝ ስለ ምንድን ነው? ብተወውስ ምን ይደርስብኛል?

ሁለተኛ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊትና በኋላ የድምፅ አውታሮቼ ይታያሉ ወይ?

ሦስተኛ፣ ሐኪሙ ይህን ኦፕራሲዮን አዘውትሮ ይሠራል ወይ? ነርቩንስ ፈልጎ ያየዋል ወይ?

አራተኛ፣ ከዕጢው የሚወጣው ምን ያህሉ ነው? ሙሉ በሙሉ ከወጣ ክኒኑን በየጊዜው ከየት አገኛለሁ?

አምስተኛ፣ ድምፄ ቢሰልል፣ ጣቶቼ ቢደነዝዙ ወይም አንገቴ በድንገት ቢያብጥ ወደ ማን ልምጣ?

የመጨረሻውን በተለይ አትርሱት። ከኦፕራሲዮን በኋላ በአንገት ላይ በድንገት የሚነሣ እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ደም ውስጥ ለውስጥ መፍሰሱን ሊያመለክት ስለሚችል አንድ ሰዓት እንኳ የሚቆይ ነገር አይደለም።

ክቡራንና ክቡራት፤

ነርቭን ከጉዳት የሚጠብቀው ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ግን በሽተኛውን ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ማራቅ፣ ይኸውም እንቅርት እንዳይወጣ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ወርቅ ወይም ታላቅ መሣሪያ ሳይሆን በወጥ ቤታችን ያለው ጨው ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። የዕድሜ ልክ ድርሻችን ተሰብስቦ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ያቺ ማንኪያ ስትጎድል ግን እንቅርት ብቻ ሳይሆን ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ የሕፃናትም አእምሮ መድከም ይከተላል። የኮኸር አገር ስዊስ በ1922 አዮዲን የተጨመረበት ጨው ማደል ከጀመረች ወዲህ፣ በዚያ አገር የልጆች እንቅርት ከትምህርት ቤት እየጠፋ ሄደ።

በአገራችንስ? በ1993 በታተመ ሰፊ ጥናት ከተመረመሩት 35,635 የትምህርት ቤት ልጆች 30.6 ከመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። በ2005 በተደረገ ሌላ አገር አቀፍ ጥናትም ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 35.8 ከመቶዎቹ እንቅርት ነበረባቸው። ከዚህ በፊት አዮዲን የተጨመረበት ጨው በአሰብ በኩል ይመጣ ነበር። በ1998 ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን ይህ ተቋርጦ አገሩ ሁሉ አዮዲን ያልተጨመረበትን የአፍዴራን ጨው ይመገብ ጀመር። በ2011 ለሰው ምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጣ። በ2016 በተደረገ ጥናት ጨዋቸው ከተፈተነ ቤቶች በ89 ከመቶዎቹ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። ይህ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ጨው ብዙው የአዮዲኑ መጠን በቂ አልነበረም። ስለዚህ ሥራው ገና አላለቀም።

በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው ይህ ነው። በገበያ በጆንያ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው ከሚውለው ጨው ይልቅ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈበትን የታሸገ ጨው እንግዛ። ገዝተንም ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከርጥበት፣ ከምድጃም ሙቀት አርቀን እናስቀምጠው። ወጡ ሲንተከተክ ከመጀመሪያው ከምንጨምረው ይልቅ ሊወርድ ሲል እንጨምረው፤ አዮዲኑ በሙቀት ይባክናልና። አዮዲን አገኛለሁ ብሎ ጨው ማብዛት ግን የደም ግፊት ያመጣል፤ የተለመደው መጠን ይበቃል። ለቁስል የሚቀባውንም አዮዲን ማንም ሰው አይጠጣ። ደግሞም ጨው የቆየውን ትልቅ እንቅርት አያሟሟም፤ የሚጠቅመው ከሁሉ ይልቅ ለሚወለዱትና ለሚያድጉት ነው። እናንት ታናናሽ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የዛሬ ማታ ሥራችሁ በቤታችሁ ያለውን የጨው ዕቃ ማየት ይሁን።

ከመጨረሴ በፊት ወደ እናቴ ልመለስ። ይህን ንግግር ስጽፍ ያነበብሁላቸው አስቀድሜ ለእርሳቸው ነው። አደጋ የለውም ብዬ አልዋሸኋቸውም፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ድምፁ ሊጎዳ እንደሚችል ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ዘጠና ስምንቱስ?» ብለው ጠየቁኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለምን «አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም» እያልን ብቻ እንደ ለመንናቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ምንም አይሆኑም ሲሉት አያምንም፤ ሊሆን የሚችለውን በልክ ሲነግሩት ግን ራሱ ይመዝናል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ለመመርመር ብቻ ለመሄድ እሺ ብለውኛል። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸው ይሆን ወይስ አያስፈልጋቸው እንደ ሆነ ገና አላውቅም። አምስቱን ጥያቄዎች ግን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፤ አብረዋቸው የሚሄዱትም አክስቴ ናቸው።

ሐኪም ለመሆን ምኞት ያላችሁ ጓደኞቼ፣ እጃችሁ ከጥጥ ፈትል በማይወፍር ነገር አጠገብ የሚያልፍበት ቀን ሊመጣ ይችላል። በዚያን ቀን የምትጠብቁት የአንዲት እናትን ዘፈን መሆኑን አስቡ። ሐኪም የማንሆነው ደግሞ የተማርነውን ለቤታችን በእውነተኛ ልክ እንንገር።

 እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።